ምንም የለባትም

እህቴ ጨርቅ በእጇ ታውቃለች። ዓይኗን ጨፍና ትዳስስና ይሄ ጥጥ ነው፣ ይሄ ሽፎን ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ውሸታም ነው ትላለች። ውሸታም የምትለው ጥጥ ተብሎ የመጣውን፣ ውስጡ ግን ናይለን የገባበትን ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ባለችው ሱቃችን ዕቃ የሚያወርድ ነጋዴ ሲመጣ፣ አባዬ እሷን ከጓዳ ጠርቶ ያስዳስሳታል። ተሳስታ አታውቅም፤ ወላሂ አንድም ቀን። አባዬም የነገረችውን ሰምቶ «ግቢ በቃ» ይላታል፤ ተመልሳ ጓዳ ትገባለች።

ስንት ሜትር ነው ብላችሁ ከጠየቃችኋት ግን አለቀ። ከአስር በላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ይደባለቅባታል። ማንበብ የምትችለው የራሷን ስም ብቻ ነው። አንድ ነገር እንዲገባት አራቴ አምስቴ መንገር ያስፈልጋል፤ ከገባት በኋላ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳውም። ይህን የማወራላችሁ ነገር የሆነ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናታችን እሷን ገና በልጅነቷ ትታት ስለሞተች፣ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የጓዳው በር ነው። እንግዳ ሲመጣ አባዬ «ሻይ አፍይልን» ይላታል፤ እሷም ጓዳ ትገባለች። ሻዩን የማቀርበው እኔ ነኝ። እንግዳው እስኪሄድ ድረስ እሷን ውጪ የሚላት የለም። ተደበቂ ያላትም የለም፤ ኧረ እንዲህ ያለ ቃል ቤታችን ተነግሮ አያውቅም! «ትንሿስ ልጅ የት አለች?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ «ዓይነ አፋር ናት» እንለዋለን። አባዬ የአባቶቹን አባቶች ከየመን ጀምሮ እየቆጠረ «እኛን ሰው የሚገዛን ጨርቃችንን ብሎ አይደለም፣ ስማችንን ብሎ ነው» ይላል። ስማችን ላይ እድፍ እንዳያርፍ እህቴ ሻይ ስታፈላ አደገች።

በአባዬ ለመፍረድ ግን እኔ ማን ነኝና።

አንድ ቀን ጠዋት አስተማሪዋ ሱቅ መጣች። በመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረቻት ሴት ናት። ነገር ማሽሞንሞን አትወድም፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ዘረገፈችው። ኮምቦልቻ ያለው የመንግሥት ኮሌጅ ነፃ የትምህርት ዕድል አውጥቷል፤ ዘንድሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውንም ይጨምራል። ትምህርቱ ልብስ ስፌት ነው፤ መኝታውንም ምግቡንም መንግሥት ይችላል፤ አጠገባቸው ሆኖ የሚያግዛቸው መምህርም ተመድቧል። አባዬ መጀመሪያ የተመለከተው የሱቁን በር ነበር፣ የሰማ ሰው አለ ወይ ብሎ።

«እንዲህ ያለ ነገር ሱቅ ውስጥ አይወራም» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ታዲያ የት ይወራል? ቤት ስመጣ ልጅቷን ደብቃችሁ ነው የምትቀበሉኝ» አለችው።

እህቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ፣ እጇ ውሃ እንደነካው ብቅ አለች። «እኔ ነኝ? እኔ ነኝ የምማረው?» አስተማሪዋ «አንቺ ነሽ» ስትላት እንዴት እንደሳቀች! አባዬ ያንን ሳቅ ሰምቶ እምቢ ማለት አቃተው። «እንግዲህ ሂዱ፤ ብቻ ጮክ አትበሉ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ «ዛሬ ነው?» ትለኝ ጀመር። ሻንጣዋን ራሷ አዘጋጀች፤ መቀስ፣ ክርና መርፌ፣ ሁለት ሻሽ፣ የእናታችንን መስገጃ ከተተችና የጓዳው በር ሥር አስቀመጠችው። እየተደናቀፍን እንኳ አንሽው ያላት አልነበረም።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የነጋዴ ልጅ ሆነሽ፣ ደሴ ተቀምጠሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳታገቢ ከሞላሽ፣ ሰርግ ቤት ስትገቢ ሴቱ ሁሉ በሐዘኔታ ያይሻል። ያንን ዓይን ያህል የምጠላው ነገር አልነበረም። ታዲያ የዚያን ሰሞን አንድ ሰው ፈለገኝ። የሐርቡ ከተማ ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ወላጆቹ ሞተው ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚውለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረናል። ሽማግሌ ሊላክ ሲል ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚያጠያይቅ ታውቃላችሁ፤ እናቷ ማን ነበረች፣ ቤታቸው ምን አለ፣ በዘራቸው ምን በሽታ አለ ይባላል። እኔ ለሱ የነገርኩት «አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ፣ ዓይነ አፋር ናት» ብዬ ነበር። እሱም ሳቅ ብሎ «አይቻታለሁ እኮ፤ ሱቃችሁ የገዛሁትን ጨርቅ ያጠፈችልኝ እሷ ናት» አለኝ። ቶሎ ብዬ ሌላ ወሬ አነሳሁበት።

ከመሄዳችን በፊት አስተማሪዋ ለብቻዬ ጠራችኝና የታሸገ ደብዳቤ ሰጠችኝ። «የሐኪሙ ወረቀት በኋላም ይደርሳል። እነሱ የሚፈልጉት መጀመሪያ የአሳዳጊ ቃል ነው። እህትሽ ምን እንዳለባት በራስሽ አንደበት ትናገሪያለሽ፣ ይጻፋል፣ ትፈርሚያለሽ። ኋላ ወላጅ ልጄን በሌለባት ነገር መዘገባችሁብኝ ብሎ እንዳይከስ ነው። አደራ፣ እንዳታለባብሺው።»

ቱግ አልኩባት። «ምን ቆርጦኝ ነው የማለባብሰው? እህቴ አይደለችም እንዴ!»

በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ነበር። ዛሬ ለጥያቄ ብቻ ነው የምንሄደው ብላት ማን ሰምቶኝ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ከደሴ ብርድ የለበሰችውን ሹራብ አወለቀች፤ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስገባችው። የኮሌጁን ጥበቃ «አሰላሙ አለይኩም፣ ልማር ነው የመጣሁት» አለችው። ሰውየው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ግቢ የኔ እመቤት» አላት። በደስታ ክንፍ አወጣች።

ተራ የምንጠብቅበት አግዳሚ ላይ ከሐርቡ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ወንድ ልጁን ይዞ ተቀምጧል። ለመጣው ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። «ይኸው ልጄ፤ ጉልበቱ ለጉድ ነው፣ አእምሮው ነው የዘገየ። ሰው ካሳየው ይለምዳል።» እኔ ለሱ አፈርኩለት። አስተግፊሩላህ፣ የሱ ነገር እንዳይነካኝ ይመስል አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ዛሬ ያንን ሰውዬ ባገኘው ጉልበቱን ስሜ ይቅር በለኝ እለዋለሁ።

ተጠራንና ገባን። ጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች አሉ፤ የስፌት ክፍሉ ኃላፊ፣ አንድ ወጣት መምህር፣ ደግሞ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ። ሴትዮዋን አወቅኋቸው። የሚፈልገኝ ሰው አክስት ናቸው! ደሴ አንድ ሰርግ ላይ አስተዋውቀውኝ ትከሻቸውን ስሜያለሁ። እሱ «አክስቴ ቢሮ ነው የምትሠራው» ነበር ያለኝ፤ የትኛው ቢሮ ብዬ አልጠየቅሁም። እሳቸውም የሚያውቁኝ መሆናቸውን በፊታቸው አላሳዩም።

ኃላፊው ለእህቴ ብጥስጣሽ ጨርቆች አቀረበላት። ሳትጠየቅ ዓይኗን ጨፈነች። ጥጥ፣ ሽፎን፣ ፖፕሊን አለችና አራተኛው ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ «ይሄ ውሸታም ነው» አለች። ሦስቱም ሳቁ። ኃላፊው ጨርቁን ተቀብሎ አገላብጦ አየና «እውነቷን ነው እኮ! ይቺን ልጅማ ነገውኑ አምጧት» አለ። እህቴ ወደኔ ዞር ብላ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ሴትዮዋ ቅጹን ስበው እስኪርቢቶ አነሱ። «እህትሽ ምን እንዳለባት በራስሽ አንደበት ንገሪን፣ ልጄ።»

ዓይኔ የሳቸው ዓይን ላይ ነው። ሽማግሌ ሊመጣ የቀረው አስር ቀን ነው። ከዚያ አፌ ከልጅነቱ የለመደውን ተናገረ።

«ምንም የለባትም» አልኩ። «ትንሽ ዓይነ አፋር ናት እንጂ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለባትም።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ልብ ብለሽ መልሺልኝ። ይሄ ዕድል ለማን እንደወጣ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። ምንም የለባትም።»

ወጣቱ መምህር «ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ አልያዛችሁም?» ብሎ ጠየቀ። «ረስቼው መጣሁ» አልኩት። ደብዳቤው ብብቴ ሥር ባለው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ኃላፊው ተክዞ «እንግዲያው ከዚህ መዝገብ ትወጣለች፤ በመደበኛው ምዝገባ የፈተና ውጤት ይዛችሁ ተወዳደሩ» አለ። ያልኩት ተጻፈ፤ ፈረምኩ። ፊርማዬን አሳምሬ ነው የጣልኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ደረጃውን ስንወርድ ለራሴ የነገርኩትን አልረሳውም። እሑድ ይለፍ እንጂ ሰኞ ብቻዬን መጥቼ አስተካክለዋለሁ አልኩ። አምኜው ነበር እኮ! ቃል መመለስ ጨርቅ የመመለስ ያህል መስሎኝ ነበር።

እህቴማ የሰማችው ሌላ ነው። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጡት እናት «እህቴ ምንም የለባትም አለች» ብላ ነገረቻቸው። «እሰይ የኔ ልጅ» አሏት። ሐረጎን ስንወጣ ደጋግማ ለብቻዋ ትለዋለች፤ ምንም የለባትም፣ ምንም የለባትም። በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ብሎ የመሰከረላት ሰው አልነበረም። ቤት ገብታ ለአባዬ ስትነግረው፣ አባዬ እኔን አየኝ። ነገሩ ወዲያው ገባው። ሜትሩን አንስቶ የተለካ ጨርቅ እንደገና ይለካ ጀመር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እሷ ጓዳ ሆና ሻይ አፈላች። ነገሩ አማረ፣ ተመረቅን። ሰኞ የቤቱ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ የሚል እንግዳ ሲቀበል ዋለ፤ ማክሰኞም እንዲሁ። ሐሙስ አስተማሪዋ ስልክ ደውላ ዝርዝሩ ተለጥፏል አለች።

እህቴ ካላየሁ ብላ ያዘችኝ። ሻንጣዋን ይዛ ተከተለችኝ። የኮሌጁ ሰሌዳ ፊት ቆማ ጣቷን የመጀመሪያው ስም ላይ አደረገችና «ይሄ እኔ አይደለሁም» አለች። ወደ ታች ወረደች። «ይሄም እኔ አይደለሁም።» ማንበብ የምትችለው አንድ ስም ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን መስመር ከዚያ ስም ጋር ነው የምታስተያየው። እስከ መጨረሻው ወረደች። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረች። እጇን ይዤ «በቃ» አልኳት።

«ረስተውኝ ነው?»

«አዎ፣ ረስተውሽ ነው።»

«እንግዲያ ግቢና ንገሪያቸዋ!»

«ቢሮው ተዘግቷል» አልኳት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ሰው ይገባል ይወጣል። የሐርቡ ገበሬ ልጁን አስመዝግቦ፣ የልጁን ፍራሽ ትከሻው ላይ አድርጎ አጠገባችን አለፈ። በር ላይ ያ ጥበቃ «ተመዘገብሽ ወይ እመቤቴ?» ሲላት «ረስተውኛል» አለችው። «ኧረ ቀላል ነው፣ ያስታውሱሻል» አላት።

አስተማሪዋ ኮሌጁ ድረስ ሄዳ ጠይቃ ኖሮ በሳምንቱ ሱቅ መጣች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ! «ደብዳቤዬ የታለ?» አለችኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁላት። ያልተከፈተ መሆኑን አገላብጣ አየችና «ዘጠኝ ዓመት» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ብታየኝ ዞር ብላ ነው የምታልፈኝ። እውነቷን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኒካሕ ታሰረ፤ ኮምቦልቻ ገባሁ። ቤታችን፣ ያ ረቢ፣ ከኮሌጁ አጥር ማዶ ነው። ጠዋት ተማሪዎቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ያገባሁት ሰው ደግ ነው፤ ደግነቱ ራሱ ያመኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት አክስቱን ልጠይቅ ሄድኩ። ምስር እየለቀሙ ነበር፤ እኔም ተቀምጬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ። ሰፌዱ ሊገባደድ ሲል ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«የዚያን ቀን ነገር ከሆዴ አልወጣም። እኔ እኮ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?» አልኳቸው፤ እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ልጁ ገና ያንቺን ስም ሲያነሳልኝ ነው ስለ እህትሽ የነገረኝ። ሰኞ ገበያ ውስጥ የማያውቅ ማን አለና? እንዲህ ያለች እህት አሳድጋ ለዚህ ያደረሰች ሴት፣ ልጄን አትጎዳብኝም ብዬ ነው ሽማግሌ ላክ ያልኩት። የእህትሽን ስም በአመልካቾቹ ዝርዝር ከሁሉ በላይ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ቃሉ ግን ካንቺ አፍ መውጣት ነበረበት፣ ደንቡ ነው። ሁለቴ ጠየቅሁሽ። ሦስተኛ ብጠይቅሽ ሰው ፊት ማዋረድ መሰለኝ።»

«ውጭ ጠርተው ቢቆጡኝ ምን ነበረበት?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። «በጥፊ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ይሉኝታ ያዘኛ፣ ልጄ። አንቺ የደበቅሽውን እኔ ልግለጠው? ነገ ለምጋባው ቤት?» አሉና በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ስም ስንጠብቅ የልጅቷን ዕድል ጥለን ተነሳን።

እንደገና ይሞከር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳልጠይቃቸው ሞክረው ነበር። የሚያግዘው መምህር ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ዕድሉ በዓመቱም አልወጣም፣ ዘንድሮም አልወጣም። ይውጣ አይውጣ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ወር ደሴ ሄድኩ። ጭጋግ ስለነበር ገበያው ቀዝቅዟል፤ አባዬ ለሶላት ወጥቷል፤ እህቴ ብቻዋን ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ታጥፋለች። ሻንጣዋ የጓዳው በር ሥር እንደተቀመጠ ነው። አቧራውን በየጊዜው ትጠርገዋለች። ከጎኗ ተቀመጥኩና ከዛሬ ነገ ስል የኖርኩትን አወጣሁት።

«ኮሌጁ አልረሳሽም» አልኳት። «እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ። ያለብሽን ነገር ንገሪን ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ቶሎ እንደማይገባሽ፣ ቁጥር እንደሚደባለቅብሽ፣ አእምሮሽ ከሌላው ዝግ ያለ መሆኑን ብነግራቸው ኖሮ ይወስዱሽ ነበር። እኔ ምንም የለባትም አልኳቸው።»

ያ ቃል የሷ ጌጥ ስለነበር ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጨርቁን ማጠፍ አላቆመችም። ጫፍና ጫፉን አገጣጥማ በመዳፏ አለሳለሰችው።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ቁጥር አይገባኝም። ሰው ሲመጣ ጓዳ የምገባው ለሱ ነው።»

ስንት ዓመት ሙሉ ሻይ ለማፍላት የምትገባ ይመስላታል ብለን ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ያልገባትን ነገር ስትጠይቅ እንደምታየኝ ነው ያየችኝ። «አንቺም የማታውቂ መስሎኝ ነበር፣ እታለም። ካወቅሽ ታዲያ ለምን አልነገርሽልኝም?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት በሩ ላይ አንዲት ሴት «አሰላሙ አለይኩም፣ ቤቶች!» አለች። እህቴ ያጠፈችውን ጨርቅ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፤ ማንም ሳይነግራት ተነሥታ ጓዳ ገባች። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ውሃ ስትሞላ ይሰማኝ ነበር።